ዘጠነኛዋ ተጫዋች

ባለፈው ነሐሴ ለእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ደጎሎ ሄጄ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጉልበታቸውን የካምፎር ቅባት ተቀብተው ነበር። ዝናቡ ስለበረታ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሽታው መኪናውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ ይስቃል፣ ሽማግሌው ደግሞ "ለብርዱ ብዬ ነው ልጆቼ፣ አፉ በሉኝ" እያሉ ተሳፋሪውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እኔ ግን እንደማይረብሸኝ ነገርኳቸው፤ እውነቴንም ነበር። አይኔን ስጨፍን የታየኝ የምናልፍበት የጃማ የገብስ ማሳ አልነበረም፤ ኮምቦልቻ፣ ከከረጢት ፋብሪካው ጀርባ ያለው የሴቶች ማደሪያና ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግራ ጉልበቷን በሁለት እጇ የምታሸው ዘሐራ ናት የታየችኝ። አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሽታው ግን እንደዚያው ነው።

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የደብራችን የድጓ መምህር ነበሩ። ወንድሞቼን ሁሉ በቁመት በለጥኩና፣ እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ቀሚሴን ከታች በሌላ ጨርቅ ትቀጥለው ነበር። ትምህርት ቤት የስፖርት መምህራችን ቁመቴን አይቶ ቅርጫት ኳስ አስተማረኝ፤ ለውድድር ደሴ ወሰደኝ፤ እዚያ የከረጢት ፋብሪካው ቡድን አሰልጣኝ ጋሽ ለማ አዩኝና ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቷ እስከ ዛሬ ትዝ ትለኛለች። አንዲት ገጽ ብቻ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ስቴንስል የተባዛች፣ ስሜ በእጅ የተጻፈባት። የሥራ መደብ በሚለው ፊት ለፊት "ከረጢት ቆጣሪ" ይላል። ስለ ኳስ አንድም ቃል የለም። የዚያን ጊዜ ውል እንዲህ ነበር፤ ጠዋት ከረጢት እንቆጥራለን፣ ከሰዓት በኋላ እንጫወታለን፤ ደመወዙ ለየትኛው እንደሚከፈለን ግን ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። አባቴ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ከረጢት መቆጠሩስ ክፉ አይደለም" አሉና ፈቀዱልኝ። የቄስ ልጅ በቁምጣ ሰው ፊት ትሮጣለች መባሉን እንዳልሰሙ ሆኑ። ለበዓል ስመጣ ሁልጊዜ "ዘንድሮስ ስንት ከረጢት ቆጠርሽ?" ይሉኛል፤ ያሸነፍንባቸውን ጨዋታዎች ቁጥር እነግራቸዋለሁ፤ "ደግ ነው" ይላሉ። አንድም ቀን ኳስ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሳያወጡ፣ ሁሉንም ውጤት በቃላቸው ይዘው ኖሩ።

ኮምቦልቻ ያን ጊዜ ለእኔ ሌላ ዓለም ነበረች። ከእኛ ደጋ ወርዶ ለመጣ ሰው ሙቀቷ ራሱ ቅንጦት ነው፤ ጋቢዬን በመጀመሪያው ሳምንት አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። እሁድ እሁድ ከፋብሪካው በር ተነስተን እስከ ዋናው መንገድ መታጠፊያ በእግር እንሄዳለን፤ ጥግ ላይ ሻይ ቤት አለች፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥራ አምስት። ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ትልቅ ቴፕ አስቀምጦ ከማለዳ እስከ ማታ የባቲና የአምባሰል ዜማ ያሰማል፤ ካሴቱ ሲላላ በእርሳስ ያጠነጥነዋል። ፀጉራችን አፍሮ ነው፤ ቁመታችን ላይ ያ አፍሮ ሲደመርበት ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ለልምምድ የቻይና ሸራ ጫማ ነበር የምናደርገው፤ ሦስት ወር ያገለግልና ከአውራ ጣቱ በኩል ይቀደዳል። ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ ልጆቹ የሚያደርጉትን ባለ አየር ጫማ ሳይ፣ እኛ በዚያ ሸራ ያን ሁሉ እንዴት እንደዘለልን ይገርመኛል። ፋብሪካው ስብሰባ ያበዛ ነበር፤ በየሳምንቱ አዳራሽ ገብተን እናጨበጭባለን። ስለምን እንደምናጨበጭብ አሁን ብትጠይቁኝ አላስታውስም፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ዘሐራ በጆሮዬ የምትለውን ግን አስታውሳለሁ።

ዘሐራ የወረኢሉ ልጅ ናት። ከእኔ በሦስት በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ኳስ አከፋፋያችን እሷ ነበረች። ሜዳ ላይ ስንደነግጥ "አብሽሩ፣ አብሽሩ" ትላለች፤ ያቺን ስንሰማ ልባችን ይመለሳል። እሷ ከቁምጣው በታች ረጅም ሱሪ ታደርጋለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ታስራለች፤ እኔም አባቴን አስቤ ሱሪዋን ወስጄ በእሱ ልክ አሰፋሁና ሁለታችንም እንደዚያው መጫወት ጀመርን። የሌላው ቡድን ደጋፊ ሲስቅብን "ሼሁና ቄሱ ወለዱን እኮ" ትለኛለች። እሷ ስትጾም ውኃ ፊቷ አልጠጣም፤ እኔ ስጾም እሷ ሥጋ ያለበትን ሰሃን ወደዚያኛው ጠረጴዛ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ደሴ ስንጫወት ዘላ ስትወርድ ግራ ጉልበቷ ዞረ። ሦስት ወር ተኛች። ከዚያ በኋላ ሩጫዋ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ጨዋታዋ ግን ብልህ ነውና ማንም አልተናገረም። ካምፎሩ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ክረምት የውል ወቅት ነው። ጨዋታ የለም፣ ሜዳው እርጥብ ነው፣ ሁሉም ሰው ቀን ይቆጥራል። የአንድ ዓመቱ ውል በነሐሴ መጨረሻ ያልቅና፣ በዚያው ሰሞን የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ዝርዝር ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስምሽ ካለ ትፈርሚያለሽ፤ ከሌለ ሻንጣሽን ታዘጋጂያለሽ። ዘሐራ በተጎዳችበት ዓመት እኔ አምበል ተደርጌ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ለማና የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ጠሩኝ። ኃላፊው አዲስ ሰው ነው፤ ከአሥራ ሁለት ተጫዋች ዘጠኝ ብቻ እንዲቀር ከላይ እንደታዘዘ ነገረን። ጋሽ ለማ ስሞቻችንን በትናንሽ ወረቀት ቆራርጠው ጽፈው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። የሚቀሩት ስምንቱም የሚቀነሱት ሁለቱም ብዙ አላከራከሩም። ዘጠነኛዋ ላይ ሁለት ወረቀት ቀረ፤ ዘሐራና ወይንሸት። ወይንሸት የአቀስታ ልጅ ናት፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እንደ ፌንጣ የምትዘል፣ ኳስ መያዝ ግን በቅጡ ያልለመደች። ጋሽ ለማ ለዘሐራ ልባቸው ይራራ ነበር፤ መወሰን አቃታቸው። ወደ እኔ ዞሩና "ከሷ ጋር የምትሮጪው አንቺ ነሽ፣ እስቲ ንገሪን" አሉኝ።

ምን ማለት እንደነበረብኝ እስከ ዛሬ አስቤበታለሁ። እውነቱን ነው የተናገርኩት። "ጉልበቷ አይመለስም፣ ጋሽ ለማ" አልኩ። ከዚያ እጅ አውጡ ተባለ፤ ለወይንሸት አወጣሁ። ኃላፊው ዝርዝሩ ሰኞ እስኪለጠፍ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ። እኔም ተስማማሁ። ትዕዛዝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ግን ትዕዛዙ እንደተመቸኝ ልቤ ያውቀው ነበር። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፤ አራት ቀን ከዘሐራ ጎን ተኛሁ። ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ ስትል ማሊያዋን አጠበች፤ ውኃውን በጆግ ያፈሰስኩላት እኔ ነኝ። እሁድ ሻይ ቤቷ ሄድን፤ በሚቀጥለው ዓመት ቀስ ብላ ሮጣም ቢሆን ከወይንሸት ጋር እንዴት እንደምትቀባበል፣ ልጅቷ ወዴት መቆም እንዳለባት ጠረጴዛው ላይ በስኳር ማንኪያ እያሳየች አስረዳችኝ። ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ሰማኋት።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ተለጠፈ። ዘሐራ ዝርዝሩን በጣቷ ከላይ ወደ ታች አነበበችው። ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበበችው። ዞር ብላ ወይንሸትን ፈልጋ ጨበጠቻትና "ስትወርጂ ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊው" አለቻት። ሌላ ነገር አልተናገረችም። በማግስቱ ሻንጣዋን አሰረች፤ ማደሪያው በር ላይ ሁላችንንም በየተራ ሳመችን፤ እኔንም እንደሌላው ሳመችኝ። አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ ልሸኛት ብል ብቻዬን ይቀለኛል አለች።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ለበዓል ፈቃድ ተሰጠን። ደሴ ደርሼ የመካነ ሰላሙን አውቶብስ ትቼ የወረኢሉውን ተሳፈርኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴ እንኳ አልነገርኩም። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን፤ ወረኢሉ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በበግና በበቅሎ ተጨናንቋል። ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ አባቷ ጋሽ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ በረንዳ ላይ በእግር የሚዘወር የስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማንነቴን ስነግራቸው ተነሱ፤ "የመሪጌታ ልጅ፣ አፊያ ነሽ? አባትሽ አፊያ ናቸው? መንገዱ እንዴት ነው? ዱንያው እንዴት ያዘሽ?" እያሉ እስክቀመጥ ድረስ ጠየቁኝ። እግሬን አስታጠቡኝ። በሶ ተበጥብጦ መጣ። ዘሐራ ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ አየችኝና ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች።

ወደ ጓሮ ወጣን። በኋላ ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ሳልቀመጥ ነገርኳት።

"ላንቺ ሳይሆን ለወይንሸት እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣውን ለመቀበልም ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"ጉልበቴን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔም ብሆን ለልጅቷ ነበር የማወጣው" አለች። "ግን ዓርብ ከጎኔ ተኝተሻል። ቅዳሜ ማሊያዬን ሳጥብ ውኃ አፍስሰሽልኛል። እኔ ከግድግዳ ላይ ነው ያነበብኩት፣ ስንዱ።"

አታውቂም እንዴ ተከልክዬ ነበር ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጋሽ እንድሪስ መሽቶብሻል ብለው አሳደሩኝ፤ ጠዋት ዘሐራ አውቶብሱ ድረስ መጣች። ረዳቱ ዕቃዬን ጣሪያ ላይ ሲጭን ነው ትከሻዬን የያዘችኝ።

"በሚቀጥለው ሰው ላይ እንዲህ እንዳታደርጊ" አለችኝ። "ከኔ ጋር አልቋል። አብሽሪ።"

መስከረም ላይ ስመለስ በቀጥታ ጋሽ ለማ ዘንድ ሄድኩ። ከእንግዲህ የሚቀነስ ሰው ካለ ዝርዝሩ ሳይለጠፍ በአካል ይነገረው፣ አለዚያ አምበልነቱ ይቅርብኝ አልኳቸው። ጋሽ ለማ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ፈሩ። "ያለቅሳሉ እኮ" አሉኝ። ፊታችን ያልቅሱ እንጂ አልኳቸው። በሚቀጥለው ክረምት ሁለት ልጆች ሲቀነሱ ራሳቸው ጠርተው ነገሯቸው፤ ጋሽ ለማ ከቢሮው ሲወጡ ኮፍያቸውን ገልብጠው አድርገውታል። ከዚያ በኋላ ግን ልማድ ሆነ።

ዘሐራ ወረኢሉ ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም። ትምህርት ቤቱ ሄዳ ሴቶቹን ኳስ ላስተምር ብላ ጠየቀች። ባለሙያ ቀጥቃጭ ከአሮጌ በርሜል ላይ ሁለት ቀለበት አውጥቶላት በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ሰቀለቻቸው። ደብዳቤ ትጽፍልኝ ጀመር፤ እንዲህ የምትባል ልጅ መጣች፣ እንዲህ የምትባለው ደግሞ ተዳረች፣ ባሏን ለምኜ መለስኳት እያለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጋሽ ለማ ደብዳቤዋን አንብበው ወረኢሉ ድረስ ሄዱ። ሦስት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ አራተኛ ራሷን ዘሐራን። ውሏን ስትፈርም አብሬያት ነበርኩ። የሥራ መደብ በሚለው ፊት ለፊት "ረዳት የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ" ይላል። በዚያ ፋብሪካ ኳስ የሚለው ቃል በውል ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ዘሐራ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችውና፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለታችንም በአፋችን እፍ አልንበት።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ። እንደ ድሮው የምዘል ይመስለኝ ነበር። አንድ የነሐሴ ጠዋት አልጋዬ ላይ ካልሲ ስጠግን ዘሐራ ገባች፤ ያቺን የድሮ አልጋዋን ሌላ ልጅ ይዛታለች፤ እዚያ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ፊቷን ሳየው ገባኝ።

"ጋሽ ለማ ልንገራት አሉ፤ እኔ እነግራታለሁ አልኳቸው" አለች። "ውልሽ አይታደስም፣ ስንዱ። ቦታሽን ከኔ ልጆች አንዷ ትይዘዋለች። እጄንም አውጥቻለሁ።"

አለቀስኩ። ለመናገር አላፍርም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ዘሐራ አላባበለችኝም፣ ተነስታም አልሄደችም፤ ምሳ እስኪደወል ድረስ እዚያው ተቀምጣ ካልሲዬን ተቀብላ ጠገነችው። ስጨርስ ነው ከኪሷ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ያወጣችው። የስፖርት መምህራን ሥልጠና ምዝገባ እስከ ዓርብ ድረስ ነው፤ ሄዳ ጠይቃለች፤ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ሁሉ በእጇ ጽፋ መጥታለች። በሚቀጥለው ቀን ሄጄ ተመዘገብኩ። መምህር ሆኜ መካነ ሰላም ስመለስ አባቴ አርጅተው ነበር፤ የቅጥር ደብዳቤዬን አነበቡና ሳቁ። "አሁንስ ከረጢቱ ቀረ" አሉ።

ሠላሳ ዓመት ትንሽ ሲቀረው አስተማርኩ። ዘሐራም ጡረታ ወጥታ ወረኢሉ ገብታለች። በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ በየቀኑ፤ የትኛው ክለብ ማንን ለቀቀ፣ ማን ሁለት ዓመት ፈረመ፣ ማን ወደ አዲስ አበባ ሄደች። አሁን ተጫዋች ስትፈርም ብዕር ይዛ ፎቶ ትነሳለች፤ ውሉ ብዙ ገጽ ነው፤ ስለ ጉልበት ሕክምና የሚናገር አንቀጽ እንኳ አለው። ዘሐራ ይህን ስነግራት "ማሻአላህ" አለች። ባለፉት ዓመታት አገሩ ሲታወክ የእኛም ሜዳ ዝም ያለበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ተመስገን ኳስ ይነጥራል። በዚያው ክረምት ደግሞ የከተማችን የሴቶች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ ያለው ውል መስጠት ጀመረ። አሰልጣኙ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ እርጂኝ ብሎ ስለለመነኝ አብሬው እቀመጣለሁ። ውል የሚሰጠው ለአሥር ልጆች ብቻ ነው፤ የሚሞክሩት አሥራ አራት ናቸው። ከደጎሎ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ጨረስን። "ማታ በቴሌግራም እለቀዋለሁ" አለኝ። መጀመሪያ አራቱ ቤት እንሄዳለን አልኩት። ሁለቱን እሱ ወሰደ፣ ሁለቱን እኔ።

የመጨረሻዋ መቅደስ ናት፤ ቤታቸው ከገበያው በታች ነው። ስገባ የታናሽ እህቷን ፀጉር ትሠራለች። እናቷ ወንበር ጠርገው አስቀመጡኝ፤ የመምጣቴ ምክንያት ሳይገባቸው አልቀረም፤ ከምድጃው አካባቢ ፊታቸውን ሳያዞሩ ቆዩ።

"አሥሩ ውስጥ የለሽም፣ መቅደስ" አልኳት። "በግራ እጅሽ ኳስ መያዝ ገና ነው። ሲከቡሽ ትደነግጪያለሽ። ሌላ ምክንያት የለውም።"

እጇ ከእህቷ ፀጉር ላይ አልተነሳም። የጀመረችውን ሹሩባ እስከ ጫፉ ጎነጎነችው፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ፤ በትከሻዋ ጠረገችው። ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቀችኝ። አሰልጣኙና እኔ፣ አሁን ደግሞ እሷ መሆኗን ነገርኳት። ቀጥሎ ያለውን ፀጉር ከፈለችና ሌላ መጎንጎን ጀመረች። ለመሄድ ስነሳ ነው ቀና ያለችው።

"ቲቸር፣ ያለ ውል ልምምድ መምጣት ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"ነገ ስንት ሰዓት ነው?"

አንድ ሰዓት ተኩል አልኳት። በማግስቱ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ማልጄ ወጣሁ፤ ሜዳው ስደርስ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ጉሙ ከደብሩ ዛፎች ላይ ገና አልተነሳም። መቅደስ ቀኝ እጇን ከወገቧ በስተኋላ ነጠላዋ ውስጥ አስራ፣ በግራዋ ብቻ ኳሱን እያነጠረች ሜዳውን ትዞራለች።